ለአሮጌ ሞተር የትኛው ነዳጅ ይስማማዋል?

የኦቶን ዑደት አስተምረን ከክፍል ስንወጣ አንድ ተማሪ በሩ ላይ ጠብቆ አስቆመን። አባቱ ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለች ቮልስዋገን አለቻቸው። መኪናዋ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ስትያያዘው፣ ሞተሯ ቅል ውስጥ ጠጠር ከትተው እንደሚያንቀጫቅጩት ያለ ድምፅ ያሰማል። አንድ ጎረቤት «ቤንዚኑ ጉልበት የለውም፤ በጠርሙስ የሚሸጠውን ማበርቻ ግዙና ጨምሩበት» ብለው መክረዋቸዋል። ሌላው ጎረቤት ደግሞ ማበርቻው ገንዘብ ማባከን ስለ ሆነ፣ ቤንዚኑ ላይ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ቢደረግ ሞተሩ እንደሚለሰልስ አስረድተዋቸዋል። ተማሪው «የትኛው ይሻላል?» ሲል ጠየቀን።

ይኸው ተማሪ ከግማሽ ሰዓት በፊት ሰሌዳው ላይ ወጥቶ፣ የሞተርን ብቃት ከእመቃ ምጣኔ ጋር የሚያገናኘውን ቀመር አንድም ስሕተት ሳይሠራ አውጥቶት ነበር። በቀመሩ ውስጥ ያለው ምጣኔ በአባቱ መኪና ውስጥ እንዳለ ግን አልታየውም። እንዲታየው ያላደረግነው እኛ መምህራኑ ነን። የምናስተምረው ሞተር ቤንዚን የማይጠጣ፣ የማያጨስ፣ ዳገት የማያውቅ ሞተር ነው። ተማሪው ፈተናውን በሚገባ አልፎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለአባቱ የሚነግራቸው ነገር የለውም፤ ስለዚህ የጎረቤት ምክር ያሸንፋል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ቁጭት ነው።

በመጀመሪያ «የቤንዚን ጉልበት» የሚባለውን አነጋገር እንመርምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ የሚሰጠው ኃይል ወደ 32 ሜጋጁል ይጠጋል። የኦክቴን ቁጥሩ ከፍ ቢል ወይም ዝቅ ቢል ይህ መጠን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። የኦክቴን ቁጥር የሚነግረን ስለ ጉልበት ሳይሆን ስለ ትዕግሥት ነው፤ ይኸውም ቤንዚኑ ታምቆ ሲግል፣ ከካንዴላው የተነሣው እሳት ሳይደርስበት በራሱ እንዳይፈነዳ ያለው ችሎታ ነው። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1926 ያቀረበው ግራሃም ኤድጋር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነበር። እርሱም ሁለት ንጹሕ ፈሳሾችን መርጦ፣ በጣም ታጋሽ ለሆነው አይሶኦክቴን 100፣ በቀላሉ ለሚፈነዳው ሄፕቴን 0 ሰጣቸው። ቁጥሩ 90 የሆነ ቤንዚን 90 እጅ አይሶኦክቴንና 10 እጅ ሄፕቴን እንዳለበት ድብልቅ ይታገሣል ማለት ነው።

ትዕግሥቱ ለምን ያስፈልጋል? ካንዴላው ሲተኩስ እሳቱ ሲሊንደሩን በአንድ ጊዜ አይሞላውም፤ ከካንዴላው ተነሥቶ እንደ ሣር ቃጠሎ ወደ ዳር ይስፋፋል። ያልተቃጠለው የዳር ጋዝ ግን ፒስተኑ አስቀድሞ ያመቀው አንሶ፣ የሚስፋፋው እሳት ይበልጥ ያምቀዋል፤ ይግላልም። ትዕግሥቱ ካለቀ ከዳር እስከ ዳር በቅጽበት ይፈነዳል፤ የግፊት ሞገዱም የሲሊንደሩን ግድግዳ ይደበድባል። ቅል ውስጥ እንዳለ ጠጠር የሚሰማው ይህ ነው። ሲደጋገም ፒስተን ይበሳል፣ ፋሻ ይሰብራል።

ጋዙ ምን ያህል እንደሚግል ከክፍሉ ቀመር ማስላት ይቻላል። አየር በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገብቶ 7 ጊዜ ቢታመቅ ወደ 380 ዲግሪ ይደርሳል፤ ግፊቱም 15 እጥፍ ይሆናል። 10 ጊዜ ቢታመቅ ደግሞ ሙቀቱ ወደ 480 ዲግሪ፣ ግፊቱ ወደ 25 እጥፍ ይወጣል። ቀመሩ ሙቀት ወደ ግድግዳው እንደማያመልጥ ስለሚቆጥር ቁጥሮቹ ከእውነተኛው ከፍ ማለታቸው አይቀርም፤ ልዩነቱን ለማየት ግን ይበቃሉ። የድሮዋ ቮልስዋገን 1200 የእመቃ ምጣኔዋ 7 ነው። ለብዙ ዓመታት በሰማያዊና ነጭ ቀለም የአዲስ አበባን ሕዝብ ያመላለሰችው ላዳ 8.5 ነው። የትንንሾቹ ባለአራት ምት ጀነሬተሮች ምጣኔ በአብዛኛው ከ8 እስከ 9 ባለው ውስጥ ይወድቃል። እነዚህ ሁሉ ከፍተኛ ትዕግሥት ያለው ቤንዚን አይፈልጉም። ቢሰጣቸውም የሚጨምሩት ጉልበት የለም፤ ዱሮም በማይፈነዳው ላይ እንዳይፈነዳ የሚያደርግ መጨመር ነውና።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር፣ ዕድሜዋ ከእኛ ብዙም የማያንስ መኪና ገዝተን፣ ከምትሰጠን የወር ድጎማ ላይ እየቆጠብን አንድ ዓመት ሙሉ በጣም ውዱን ቤንዚን ስናጠጣት ኖረናል። ለአሮጊት መኪና የተሻለ ምግብ የሰጠናት መስሎን ነበር። በጓንት መያዣዋ ውስጥ የነበረውን መመሪያ ከፍተን ያነበብነው ልንሸጣት ስንል ነው፤ ርካሹ ይበቃት ኖሯል። የፊዚክስ የዶክትሬት ተማሪ እንዲህ ከሆነ ጎረቤትን መውቀስ አይቻልም። ስለ ቁጥሮቹም አንባብያን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። አሜሪካኖች በማደያ ላይ የሚጽፉት ቁጥር የሁለት ዓይነት መለኪያዎች አማካይ ስለ ሆነ፣ የእነርሱ 87 በአውሮፓ አጻጻፍ ወደ 91 ይጠጋል። ከአሜሪካ በመጣ መመሪያ ላይ 87 የሚል ያነበበ ሰው፣ መኪናው ዝቅተኛ ነዳጅ የምትጠጣ አድርጎ እንዳይገምታት።

የእኛ አገር ጉዳይ ልዩ የሚሆነው በከፍታችን ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው። ከሦስት አራተኛ ግፊት የጀመረ አየር 7 ጊዜ ሲታመቅ የሚደርስበት ግፊት፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ሞተር 5.7 ጊዜ ብቻ አምቆ ከሚያገኘው ጋር ይተካከላል። በግፊት በኩል ብቻ ካየነው፣ ከፍታው የቮልስዋገኗን ምጣኔ ከ7 ወደ 5.7 ዝቅ አደረገው ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ የሮኪ ተራሮች አካባቢ ባሉ ግዛቶች ከሌላው ቦታ ዝቅ ያለ የኦክቴን ቁጥር ያለው ቤንዚን ሲሸጥ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ልማዱ የመጣው ከባለካርቡሬተር ሞተሮች ዘመን ሲሆን፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች ግን አምራቹ የጻፈውን መከተል አለባቸው።

እንግዲህ ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። ምጣኔዋ 7 የሆነች መኪና፣ አየሩ በሳሳበት እንጦጦ ላይ፣ ቤንዚኑ ትዕግሥት አንሶት ታንኳኳለች ማለት አጠራጣሪ ነው። ጥፋቱን መፈለግ ያለብን ሌላ ቦታ ነው፤ ካንዴላው ያለ ጊዜው ቀድሞ ይተኩሳል፣ ወይም ጥላሸት ሲሊንደሩ ውስጥ ተጋግሮ ፍም ይዟል፣ ወይም በነፋስ የሚቀዘቅዘው ሞተር ከልክ በላይ ግሏል፣ ወይም ቤንዚኑ ቤንዚን ብቻ አይደለም። ዘይት ጠብ ማድረግስ? ዘይት የቤንዚንን ትዕግሥት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሁለተኛው ምክር ከመጀመሪያው የከፋ ነበር።

ከፍታው በካርቡሬተር ላይ የሚያደርሰው ነገር ደግሞ ከኦክቴን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባ ነው። ካርቡሬተር ቤንዚን የሚስበው በጉሮሮው በሚያልፈው አየር ፍጥነት በሚፈጠር የግፊት ልዩነት ነው። አየሩ ሲሳሳ የአየሩ ክብደት በሙሉ ሲቀንስ፣ የሚሳበው ቤንዚን ግን የሚቀንሰው በሥኩዌር ሩቱ ብቻ ነው። (የበርኑሊን ሕግ የተማረ ሁሉ ይህን በሦስት መስመር ሊያረጋግጠው ይችላል፤ እንዲሞክረውም እንጋብዛለን።) ስለዚህ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ የበዛ ቤንዚን ያጠጣል። ካንዴላው ጥቁር ይሆናል፤ ጭሱ ይበዛል፤ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም እንዲሁ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተርን ሱቅ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ማስነሣት ሞት የሚያስከትልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጀነሬተር ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትም ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

በተቃራኒው፣ እዚህ ደጋ ላይ በሚገባ የተስተካከለች መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጋምቤላ ስትወርድ አየር ይበዛባታል፤ ካንዴላውም ለሳሳው አየር ተብሎ ቀደም እንዲል ተደርጎ ከነበረ ቆላ ላይ ማንኳኳት ትጀምራለች። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ይወርድና፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። በዚያ ሙቀት አቀበቱን ሲያጋምስ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ፈልቶ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ሾፌሮቻችን እርጥብ ጨርቅ ቤንዚን መሳቢያው ላይ ሲያስሩ ያየ ሰው ባህላዊ ሕክምና ሊመስለው ይችላል፤ ሥራቸው ግን ትክክለኛ ቴርሞዳይናሚክስ ነው። እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል።

ስለ ማበርቻ ጠርሙሶች ስናነሣ የሊድን ታሪክ ማለፍ አይቻልም፤ ከዓለም ሁሉ ይበልጥ የተሸጠው ማበርቻ እርሱ ነበርና። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 ቶማስ ሚድግሌይ የተባለ በጄኔራል ሞተርስ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ቴትራኤቲል ሊድ በጥቂቱ ቢጨመር ማንኳኳትን እንደሚያስቀር አገኘ። በ1923 ለሽያጭ ቀረበ። በ1924 በኒው ጀርሲ በሚገኝ አንድ ማጣሪያ ውስጥ አምስት ሠራተኞች በሊድ ተመርዘው ሞቱ፤ ሽያጩ ግን ለጊዜው ቆሞ ቀጠለ። የምድርን ዕድሜ የለካው ክሌር ፓተርሰን በ1960ዎቹ ሊድ ከአየሩም ከሰው ደምም ውስጥ ምን ያህል እንደ ገባ ሲያሳይ ብዙዎች ተነሡበት። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች ተወካዮች በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው በተስማሙት መሠረት አካባቢው በ2006 መጀመሪያ ከሊድ ቤንዚን ተላቀቀ። ከዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ያቆመችው በ2021 ነው። በመካከሉ ያደጉት ሕፃናት አእምሮ የደረሰበት ጉዳት በምንም አይመለስም።

አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች ግን ዛሬም «ሊድ ከቀረ ወዲህ ቫልቩ ተበላ» ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ከሊድ የሚቀረው ደቃቅ ትቢያ በቫልቩና በማረፊያው መካከል ተነጥፎ ብረት ከብረት እንዳይጣበቅ ይከላከል ነበር። ማረፊያቸው በቀጥታ በለስላሳ የቴስታታ ብረት ላይ የተቆረጠ የጥንት ሞተሮች ያለ እርሱ ሊጎዱ ይችላሉ። ሆኖም ጉዳቱ የሚበረታው ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ፍጥነትና ጭነት ሲነዱ ሲሆን፣ በከተማ ለምታዘግም መኪና ያን ያህል የሚያሰጋ አይደለም። መድኃኒቱም በአንድ የቴስታታ ሥራ ጠንካራ ማረፊያ ማስገባት ነው። ዛሬ በጠርሙስ ከሚሸጡት ማበርቻዎች አንዳንዶቹ የማንጋኒዝ ወይም የብረት ውሑድ ስለያዙ ካንዴላውን ቀላ ያለ ትቢያ ያለብሱታል። የቆሸሸ ካንዴላ ደግሞ እሳቱን ይሰርቃል።

ኢታኖልን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በ5 በመቶ መጠን ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር መደባለቅ ሲጀምር፣ በ2011ም መጠኑ ወደ 10 በመቶ ሲያድግ ብዙ ወሬ ተወርቶ ነበር። አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው ኃይል 21 ሜጋጁል ያህል በመሆኑ፣ 10 በመቶ ድብልቅ የኃይሉን መጠን በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል፤ ሾፌር በፔዳሉ የሚያውቀው ልዩነት አይደለም። ትዕግሥቱ ግን ከቤንዚን ይበልጣል፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅንም እዚህ ደጋ ላይ ቤንዚን የበዛበትን ካርቡሬተር በመጠኑ ያቃናዋል። ለአሮጌ መኪና የሚያሳስበው የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ማላላቱና ውኃ መሳቡ ነው። ብዙ ውኃ ሲገባ ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውኃው ጋር ከታች ይዘቅጣል፤ ቱቦው የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። ስለዚህ ድብልቅ ቤንዚን ወራት በሚቆም መኪና ወይም ጀነሬተር ውስጥ ባይከርም ይመረጣል። ድብልቅ ያልሆነውም ቢሆን ሲከርም ቀላሉ ክፍል ተንኖ፣ የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ይደፍናል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከማደያ የተቀዳ እውነተኛ ቤንዚን ለሚያገኝ ሰው ነው። ነጭ ጋዝ ከቤንዚን በሚረክስበት ጊዜና ቦታ ሁሉ ሁለቱን የሚደባልቅ አይጠፋም፤ በየመንገዱ በጄሪካን የሚሸጠው ይበልጥ ያጠራጥራል። ነጭ ጋዝ በራሱ ክፉ ነዳጅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ አንዳንድ የእርሻ ትራክተሮች በቤንዚን ተነሥተው ከሞቁ በኋላ ነጭ ጋዝ በሚመስል ነዳጅ ይሠሩ ነበር፤ ሲሠሩ ግን የእመቃ ምጣኔያቸው ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ነው። ምጣኔው 8.5 በሆነ ሞተር ውስጥ ግን ትዕግሥት የሌለው ነጭ ጋዝ ያንኳኳል፤ ያልተነነውም በፋሻው አልፎ ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። ጥርጣሬ ያለው ሰው አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርግ። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ምልክት ሳይተው ይተናል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባት የመሰለ ክብ ይተዋል። ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚሆን ሌላም አለ። 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን በመለኪያ ሲሊንደር ላይ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሮ መበጥበጥና ማስቀመጥ ነው። ከታች ያለው ፈሳሽ 10 ከሆነ ኢታኖል የለውም፤ ወደ 19 ከተጠጋ 10 በመቶ ያህል ኢታኖል አለበት። ይህ ግን መምህር ባለበት፣ ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት ይሁን።

ባለሁለት ምት ሞተርን ያስቀረነው የራሳችን ስሕተት ስላለበት ነው። የአክስታችን ልጅ በአንዲት ትንሽ ከተማ ፀጉር ቤት አለው። መብራት ሲጠፋ የሚያስነሣት አነስተኛ ባለሁለት ምት ጀነሬተር ነበረችው። ከውጭ ተመልሰን በጠየቅነው ጊዜ ጀነሬተሯ መንገዱን በጭስ ሸፍናዋለች። እኛም በዕውቀታችን ተመክተን፣ ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ዘይት መሆኑን አስረድተን፣ ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ ዘይቱን እንዲቀንስ መከርነው። መመሪያዋ 1 እጅ ዘይት ለ50 እጅ ቤንዚን ይል ነበር፤ እኛ ግን አልጠየቅንም። በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ጭሱ ጠፋ፤ መብራቱም አብሮ ጠፋ» አለን። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ካልገባ ፒስተኑንና ኩሽኔታውን የሚያለሰልስ ሌላ ዘይት የለም። ለ5 ሊትር ቤንዚን የሚያስፈልገው 100 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ የማይበልጥ ነው። የጀነሬተሯን ዋጋ ከፍለናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጣውን ገበያ ግን ልንከፍለው አልቻልንም።

በአገራችን ማደያዎች በአብዛኛው የሚገኘው አንድ ዓይነት ቤንዚን በመሆኑ፣ ነዳጅ መምረጥ ለእኛ ከብዙ ቧንቧዎች አንዱን መምረጥ አይደለም። ያለውን ቤንዚን ንጹሕ አድርጎ ማግኘት፣ ከዚያም ካንዴላውን፣ ካርቡሬተሩንና ዘይቱን ከቤንዚኑና ከከፍታው ጋር ማስማማት ነው። ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ በኋላ፣ ቤንዚን የሚጠጡት መኪኖቻችን በዕድሜ እየገፉ የሚሄዱ ናቸው። እነርሱን የሚንከባከበው ትውልድ ዛሬ ክፍላችን ውስጥ የተቀመጠው ነው። በእኛ አስተያየት፣ የኦቶን ዑደት ፈተና አንድ እውነተኛ ሞተር፣ አንድ መመሪያና አንድ የከፍታ ቁጥር ይዞ መቅረብ አለበት። ሥርዓተ ትምህርቱ ጊዜ አይሰጥም የሚሉ ባልደረቦቻችን አሉ፤ ዑደቱን በሥዕል ለማስጌጥ የምናጠፋው ሰዓት ግን ለዚህ ይበቃል።

ተማሪው በሳምንቱ ተመለሰ። ከአባቱ ጋር ዲስትሪቢዩተሩን ሲያዩት፣ ከጥቂት ወራት በፊት አንድ መካኒክ «ጉልበት እንድታገኝ» ብሎ ካንዴላው አምራቹ ከጻፈው በብዙ ዲግሪ ቀድሞ እንዲተኩስ አድርጎት ኖሯል። አንዲት ብሎን አላልተው፣ ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ አዙረው መልሰው አሰሩት። እንጦጦን ሲወጡ አባቱ ሬዲዮውን ዘግተው ሲያዳምጡ ነበር አለን። ድምፁ የለም። ጠርሙሱ ግን ተገዝቶ ስለነበር፣ እስካሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።